ቀኝ የተቀመጠው ታች ተገኘ

አዞ ባለበት ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ተንሳፋፊ ግንድ አያምንም። እኛ ቤት ደግሞ ግንዱ ደረቅ መሬት ላይ ተጋድሞም አይታመንም ነበር። ያሳደጉኝ አጎቴ ላንቴ በምትባል መንደር ሙዝ የሚያመርቱ ሰው ናቸው፤ ፀሐይ ትንሽ ቀደም ብላ ከወጣች «ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?» የሚሉ ዓይነት። ሰው «እንደምን አደሩ» ሲላቸው መልስ ከመስጠታቸው በፊት የሰውየውን ኪስ፣ ጫማውንና ከኋላው ማን እንዳለ ያያሉ። ዝናብ በወቅቱ ሲመጣ ጥርጣሬያቸው ይብስባቸዋል። አንድ ቀን ከገዛ እርሻቸው ሙዝ ቆርጠው፣ ልጠው፣ ገምጠው፣ ቆም አሉና «ይሄ የኛ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እናትየዋ ግንድ ፊታችን ቆማለች።

በእኛ በኩል አማርኛ የከተማ ልብስ ነው፤ ገበያና ቢሮ ሲኬድ ይለበሳል፣ ቤት ሲገባ ይወልቃል። አጎቴ ሲለብሱት አንዳንድ ቁልፍ ይዛነፍባቸዋል። በሬው ትመጣለች፣ ላሟ ይሄዳል። «ሚስቴ ተቆጣ» ይላሉ፤ ሚስታቸው ሲቆጡ ላየ ግን ስህተቱ ስህተት አይመስለውም።

የአጎቴ ሸሪክ በከተማችን ላይኛ ክፍል፣ ሴቻ የሚኖሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወረቀት ሲመረምሩ ስለኖሩ፣ ፊት ለፊት የተጻፈውን ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ፤ ከዚያ ወደ ብርሃን ያነሱታል። አጎቴ «ማህተም» ይሏቸው ነበር፤ ሰላምታ እንኳ ማህተም ካላረፈበት አይቀበሉም ለማለት። አጎቴ አጥባቂ ፕሮቴስታንት፣ ማህተም ጾም የማያልፋቸው ኦርቶዶክስ። ሁለቱን ያገናኛቸው የጋራ ሃይማኖት ጥርጣሬ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ቢሆንብኝም ለምጄዋለሁ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ሴቻ አፋፉ ላይ አንድ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ሠሩ። ቦታው የማህተም፣ ጥሪቱ የአጎቴ ሙዝ። በረንዳው ላይ ስትቆም በግራህ አባያ እንደ ወተት ሻይ ደፍርሶ፣ በቀኝህ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ መሐላቸው የእግዜር ድልድይ ተጋድሞ ይታይሃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ እዚያ በረንዳ ላይ አሳ ይበላሉ፣ እየተጠራጠሩ ይጨዋወታሉ። እኔም ሦስተኛ ሆኜ አጥንት እለቅማለሁ። የሁለቱ ወዳጅነት እንደዚያ ነበር፤ አንዱ ሌላውን በምንም አያምንም፣ ያለ ሌላው ግን ቅዳሜ አይውልም።

እኔ በታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ላይ ኢንተርኔት ቤት ነበረኝ። ከኋላቸው ሻኛ ያወጡ ወፋፍራም ስክሪኖች ተደርድረው፣ ማራገቢያው ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እያመላለሰ። መስመሩ ቀርፋፋ ከመሆኑ የተነሳ አንድ ደንበኛ ደብዳቤው እስኪከፈት ወጥቶ፣ አጭቶ፣ አግብቶ ይመለሳል። ድረ ገጽ መሥራትም ከማኑዋል ተምሬ ነበርና፣ በእኛ ሚሊኒየም ዋዜማ አካባቢ ሸሪኮቹ ጠሩኝ። ከአዲስ አበባ ቱሪስት የሚያመጡ ሾፌሮች «ኢንተርኔት ላይ አላችሁ?» እያሉ ይጠይቋቸው ጀመር። አጎቴ ጥያቄውን እንደ ስድብ ቆጥረውት ነበር።

«ሁለታችንም ፎቶ እንውጣበት» አሉ ማህተም። «ባለቤት የሌለው ቤት ያስጠረጥራል።»

እዚህ ላይ የክብር ጦርነት ተነሣ።

«ጋሼ፣ እርስዎ በቀኝ ይሁኑ፤ ታላቅ ነዎት።»

«አይሆንም! ቦታው ያንተ አይደለም እንዴ? አንተ ቀኝ፣ እኔ ግራ።»

«እኔ ልሙት! በቀኝ ይሁኑ አልኩ!»

«አትሙት! ብትሞት የቦታው ካርታ ስንት ቢሮ ሊያዞረኝ ነው?»

በእኛ ዘንድ ቀኝ ቀላል ነገር አይደለም። ምርቃቱ «በቀኝ ያውላችሁ» ነው። ሽማግሌዎች ጉዳይ የሚያዩበት የአደባባይ ሜዳ፣ ዱቡሻው ላይ እንኳ ሰው እንደ ሣር ዝም ብሎ አይበቅልም፤ ቦታ ቦታውን አውቆ ነው የሚቀመጠው። አጎቴ ከብዙ መግደርደር በኋላ ቀኙን ተቀበሉ፤ ሲቀበሉም ቶሎ ስለሰጧቸው ማህተምን በዓይናቸው ጫፍ አዩዋቸው። ማህተም ደግሞ ወደ እኔ ዞሩ።

«የማን ቀኝ ነው? የተመልካቹ ነው ወይስ የገጹ?»

«የተመልካቹ። ገጽ እጅ የለውም።»

«እሱ በቃል ነው» አሉ ማህተም፣ እንዳላመኑኝ ለማስታወቅ።

ገጹን በሱቄ ስክሪን ልክ ሰፋሁት፤ እንደ ልብስ ሰፊ ለክቼ፣ ሦስት አምድ አድርጌ። በግራ ማህተም ከነከረባታቸው፣ መሐል ሁለቱ ሐይቆችና የክፍሎቹ ፎቶዎች፣ በመጨረሻም ከነሙቅ ውሃው ሻወሩ፣ በቀኝ አጎቴ በዚያ ሙቀት ሙሉ ካፖርት ለብሰው። ሊያዩት ሱቄ የመጡ ቀን ካፖርቱን ደግመው ለብሰው ነበር፤ ገጹ ላይ ያለው ሰው እሳቸው መሆኑን እንዳንጠራጠር። ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከስክሪኑ ኋላ አዩ።

«እዚህ ቀኝ እንደሆንኩ፣ አዲስ አበባም ቀኝ ነኝ?»

«ለንደንም ቀኝ ነዎት።»

እውነቴን ነበር፤ በዚያ ዘመን ኢንተርኔት የሚታየው ጠረጴዛ ላይ ነዋ። ቀኝ ቀኝ ሆኖ ዓመታት አለፉ።

ከዚያ ታች ስልክ መጣ።

ስሙን ልብ በሉልኝ። ቁልፍ የሌለው፣ ጣት ሲነካው የሚታዘዘው ስልክ ማለታችን ነው፤ ቃሉ የፈረንጅ ነው። እኛ ጆሮ ግን ታች ያው ታች ነው፤ የላይ ተቃራኒ። ከአጎቴ ሴት ልጆች አንዷ የቻይና ታች ስልክ ገዝታ ሰጠቻቸው። መጀመሪያ «ለምን ሰጠችኝ?» ብለው ሳምንት አሰቡ። ከዚያ ከፈቱት። ከዚያ የማረፊያቸውን ገጽ ከፈቱ። ከዚያ ከላንቴ ሲቀላ በሙዝ መኪና ጋቢና ተጭነው ሱቄ በር ላይ ወረዱ።

«ማህተም ገዛችህ!» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«ማን? ማን ገዛኝ?»

ስልኩን አፍንጫዬ ላይ ደቀኑት። ገጹ ሁሉ አለ፤ ግን ጉንዳን ቢያነበው መነጽር ያስፈልገዋል። አጎቴ በአውራ ጣታቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት። ስልኩ ገጹን ተንደርድሮ አቀረበና ግራውን አምድ ብቻ ስክሪኑ ላይ ሞላው። ማህተም ከነከረባታቸው፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አፍንጫቸው የአጎቴን አውራ ጣት አክሎ።

«እኔ የት ነኝ?»

«በቀኝ በኩል ነዎት፤ በጣትዎ ገፋ ሲያደርጉት ይመጣሉ።»

«የራሴን ቤት ገፍቼ ልግባ?»

ወደ ጠረጴዛ ኮምፒውተሬ ወስጄ ገጹን ከፈትኩላቸው። ካፖርታቸውን እንደለበሱ በቀኝ ተቀምጠዋል። መስኮቱን በማውሱ አጠበብኩት፤ ከታች ገጹን ወደ ጎን የሚገፋ መንሸራተቻ ወጣ እንጂ ምንም አልሆነም። «ይኸው፣ አሉ» አልኩ።

«አንተ ዘንድ አለሁ» አሉ አጎቴ። «ሕዝብ ዘንድ የለሁም።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ እኔ ራሴ ስልኩን መጠርጠር ጀመርኩ። እንግሊዝኛ ጽሑፎች እያወረድኩ፣ መብራት እየሄደብኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ካነበብኩት የበለጠ አነበብኩ። ነገሩ ሲገለጥልኝ ስልኩ ውሸታም ሆኖ አገኘሁት። የጠረጴዛ ብሮውዘር፣ ማለትም ገጽ የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ገጹን «ስፋቴ ይኸው ነው» ብሎ የመስኮቱን እውነተኛ ልክ ይነግረዋል፤ ብታጠብበው ጠበብኩ፣ ብታሰፋው ሰፋሁ ይላል። የስልክ ብሮውዘር ግን የሲቀላ ሴቻ ሚኒባስ ረዳት ነው። መዳፍ በምታክል ቦታ ላይ ቆሞ «ባዶ ነው! ሰፊ ነው! ግቡ!» ይላል። የዋሁ ገጽ ጠረጴዛ ላይ ያለ መስሎት ሦስቱንም አምድ ዘርግቶ ይገባል። ከገባ በኋላ ረዳቱ በሩን ይዘጋና ጠቅጥቆ፣ አጨማድዶ፣ ጉልበቱን ከአገጩ አገናኝቶ ያሳንሰዋል። አንተ ታያለህ፤ ሁሉም አለ፣ ማንም አይታይም።

መድኃኒቱም ተጽፎ አገኘሁ። ከገጹ ራስ ላይ የምትገባ አንዲት መስመር አለች፤ ስልኩን «ስፋትህን ስትጠየቅ የራስህን ትክክለኛ ስፋት ተናገር» ብላ የምታስምል። ውሸታም ምስክር ሲምል እንደማየት ደስ አለኝ። መስመሯን አስገባሁ። አምዶቹም ቦታ ሲጠባቸው ጎን ለጎን መጨናነቃቸውን ትተው አንዱ ካንዱ በታች እንዲደረደሩ አደረግኩ። በእኔ ስልክ ሞከርኩት፤ ፊደሉ ወፍራም፣ ፎቶው ግልጽ። እላዩ ላይ ማህተም ሲስቁ አየሁና ረክቼ ዘጋሁት። ወደ ታች ማን ይወርዳል?

አጎቴ ወረዱ።

በማግሥቱ ሲመጡ እንደ ፊተኛው አልጮሁም፤ ያስፈራኝ እሱ ነው። ወንበር ስቤ ሰጠኋቸው፣ ወንበሩን ከሥሩ አይተው ተቀመጡ። ስልኩን ከፍተው በጣታቸው ገጹን ይጎትቱ ጀመር። ማህተም አለፉ። አባያ አለፈ። ጫሞ አለፈ። ባለ አንድ አልጋው ክፍል፣ ባለ ሁለቱ፣ ሙቅ ውሃው ሻወር አለፉ። ከሻወሩ በታች፣ ሰው ጣቱ ደክሞት በሚተውበት ቦታ፣ አንድ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ብቅ አሉ።

«ከሻወር በታች» አሉ አጎቴ፣ ቀስ ብለው።

«አጎቴ፣ እኔ እኮ—»

«ቀኝ አስቀምጠኸኝ ራሴን ታች አገኘሁት። ታች ስልክ ያሏት ለካ ለዚህ ነው። ሰውን ወደ ታች ትጥላለች።»

የዚያን ጊዜ ነው ዕድሜዬን ሙሉ ያላስተዋልኩት ነገር የገባኝ። ፊደላችን ከግራ ይጀምራል፤ ክብራችን ከቀኝ። ገጹን ስጽፈው እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ከግራ ተነሥቼ ማህተምን አስቀደምኩ፣ ሐይቆቹን አስከተልኩ፣ ታላቁን ሰው ለክብር መጨረሻ አደረግኩ። ሰፊው ስክሪን መጨረሻውን ቀኝ ያደርገዋል። ጠባቡ ስክሪን መጨረሻውን ታች ያደርገዋል። ይህን ላስረዳቸው ሞከርኩ። አጎቴ በትዕግሥት አዳመጡኝ፤ እሳቸው የሚታገሡት ውሸት ሲያዳምጡ ብቻ ነው።

«ባለፈው ቅዳሜ ማህተም ኮተሌት አሳ ጋበዘችህ?»

«እርስዎም እኮ ነበሩ! አብረን በላን!»

«አንተ ሳህን ላይ ያለው ትልቁ ነበር» አሉና ተነሡ። «ድርሻዬን ልሸጠው ነው። ገዢ አለ። ከሻወር በታች ሆኜ ሸሪክ አልባልም።»

ቀልድ አልነበረም። ያን ማረፊያ የሚመኝ የሆቴል ባለሀብት ከተማው ውስጥ ነበር፤ ድርሻው ከተሸጠ ማህተም ከማያውቁት ሰው ጋር፣ አጎቴ ያለ ቅዳሜ፣ እኔም ካሳደጉኝ ሰው ዓይን ውጭ ልንቀር ነው። አጎቴ ቅዳሜ ሴቻ አልወጡም። ሙዝ የሚጭኑትን ሠራተኞች አንድ በአንድ ስልካቸውን እያስከፈቱ ሲያጣሩ ዋሉ። በሁሉም ስልክ ላይ ከሻወር በታች ናቸው። ይህን ሁሉ ሰው ማህተም ገዝተዋል ማለት ነው።

ወደ ማህተም ሄድኩ። ላፕቶፓቸውን ከፍተው እየጠበቁኝ ነበር።

«ና እየው» አሉኝ። «ይኸው አጎትህ። በቀኝ! እንደ ጳጳስ ተቀምጠዋል። ማነው ታች ያደረጋቸው? ሰውየው ለመሸጥ ሰበብ ፈልገው ነው። ባለሀብቱ ላንቴ ሲመላለስ ታይቷል።»

«ጋሼ፣ ስልክ ላይ ሌላ ነው።»

«አንድ ገጽ ሁለት መልክ?» መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ በሥራ ዘመኔ አንድ ጉዳይ ሁለት መልክ ሲኖረው ምን እንደምል ታውቃለህ? ማጭበርበር።»

ማህተም ታች ስልክ አልነበራቸውም፤ እንደዚህ ያለ ዕቃ አልነካም ብለው በባለ ቁልፉ ስልክ የጸኑ ሰው ናቸው። አጎቴ ደግሞ ኮምፒውተር የላቸውም። አንዱ በጠረጴዛ ያያል፣ ሌላው በመዳፍ፤ ሁለቱም በዓይኑ ያየውን ነው የሚናገረው፣ ሁለቱም ሌላውን ውሸታም ይላል። መሐል ሆኜ እኔንም በሽታው ያዘኝ። ማህተም ቀኙን ያን ያህል በመሐላ ለአጎቴ የሰጡት ለምን ነበር? ታች ስልክ እንደሚመጣ ቀድመው ሰምተው ይሆን? አንድ ምሽት ሙሉ ራሴን እንዲህ ስጠይቅ ቆይቼ፣ ራሴን ደግሞ ይህን ጥያቄ ማን አሳሰበኝ ብዬ ጠረጠርኩት።

በጋሞ እርጥብ ሣር ይዞ ተንበርክኮ የሚለምንን እምቢ ማለት ነውር ነው። የተካረረ ጠብ እንኳ እዚያች ሣር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ችግሩ ወቅቱ በጋ ነበር፤ ሲቀላ ላይ አረንጓዴ ነገር የትራፊክ ፖሊስም ዘንድ አልነበረም። ላንቴ ወርጄ ከመስኖው ቦይ ዳር አንድ እፍኝ ነቅዬ አጎቴ ሙዝ ሲያስቆርጡ ደረስኩና ፊታቸው ተንበረከክሁ።

ሠራተኞቹ ቆንጨራቸውን ይዘው ቆሙ። አጎቴ ሣሩን አዩት።

«ከየት ነቀልከው?»

«ከቦዩ ዳር።»

«የኔን ሣር ነቅለህ እኔን ትለምናለህ?»

«የሌላ ሰው ብነቅል ሌባ ይሉኛል።»

«ሣር የሚይዘው ሽማግሌ ነው። አንተ ገና ትናንት ያጠብኩህ—»

ባርኔጣዬን አውልቄ ራሴን አጎነበስኩላቸው። ፀጉሬ ከፊሉ ሸብቷል፣ ከፊሉ ከሽበት አምልጦ ጠፍቷል። አጎቴ ለረጅም ጊዜ አዩት፤ መቼም ቀለም መቀባቴንም ሳይመረምሩ አልቀሩም። ከዚያ ሣሩን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«እመጣለሁ። ግን አሳ አልበላም።»

ቅዳሜ በረንዳው ላይ ተገናኙ። ሰላምታቸው «እ» እና «እ» ነበር። መሐላቸው ባዶ ወንበር ትተው ተቀመጡ። አሳው መጣ፤ ማንም አልነካውም። እኔ የማህተምን ላፕቶፕ ለአጎቴ፣ የአጎቴን ስልክ ለማህተም ሰጠሁ።

አጎቴ ላፕቶፑ ላይ ራሳቸውን በቀኝ አገኙ። ማህተም ስልኩን በጣታቸው እንደ ትኩስ ድንች እየነኩ ወረዱ፣ ወረዱ፤ ሻወሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ትንሽ ጨመሩ። ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ጋሼ» አሉ፣ ስልኩን ወደ ብርሃን አንሥተው። «እውነትም ከሻወር በታች ነዎት።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

ላፕቶፑን ወደ መሐል አዙሬ የመስኮቱን ዳር ያዝኩ። «አሁን ይሄን ስክሪን ቀስ እያልኩ እንደ ስልክ ላጠብበው ነው። ዓይናችሁን ከአጎቴ ላይ እንዳታነሡ።» ጎተትኩ። አምዶቹ ተገፋፉ፣ ሐይቆቹ ተጨመቁ፣ ካፖርቱ ዳር ላይ ተንገዳገደና ድንገት ከቀኝ ጠፍቶ ወደ ታች ወረደ።

«ገፋኸኝ!» ብለው አጎቴ ከወንበራቸው ተነሡ። «አየህ ማህተም? በዓይንህ አየህ? ገፋኝ!»

«አየሁ ጋሼ! እመሰክራለሁ!»

መልሼ አሰፋሁት፤ አጎቴ ወደ ቀኛቸው ተመለሱ። «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። ወደቁ። አሰፋሁ። ወጡ። ማህተም «እኔ ልሞክር» ብለው ራሳቸው አጎቴን ሦስት አራቴ ጥለው አነሷቸው፤ በእያንዳንዱ ውድቀት «አይዞዎት» ይላሉ። ባዶው ወንበር መቼ እንደተነሣ አላየሁም፤ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሆነው በእኔ ላይ አፍጠዋል። ጥርጣሬያቸው እንደገና አንድ ላይ ሆነ፤ ይኸውም በእኔ ላይ።

«እና ጥፋቱ የማነው?» አሉ ማህተም።

«የስፋቱ።»

«ስፋት አይከሰስም። አስተካክል።»

አስተካከልኩ። አጎቴን በጽሑፉ አስቀድሜ፣ ማህተምን መጨረሻ አድርጌ፣ ቦታ ሲኖር ግን አጎቴ ወደ ቀኝ ዳር፣ ማህተም ወደ ግራ እንዲሄዱ አዘዝኩ፤ እንዲህ ማድረግ ይቻላል። ሰፊው ስክሪን ላይ ቀኝ ሆኑ፣ ስልኩ ላይ አናት። አጎቴ ፊታቸው በራ። ማህተም ስልኩን ተቀብለው መውረድ ጀመሩ። አባያ፣ ጫሞ፣ አልጋ፣ አልጋ፣ ሻወር። ከሻወሩ በታች የገዛ ከረባታቸውን ሲያገኙ ጣታቸው ቆመ።

«ምንም አይደል» አሉ። እንደዚያ ያለ «ምንም አይደል» ሰምቼ አላውቅም፤ ቢያንስ የሁለት ዓመት ክስ ነበረበት። «ለመሆኑ ይህ የተደረገው በማን ትእዛዝ ነው?»

«አንተ ከላይ ሁን!» አሉ አጎቴ፣ ስልኩን ግን ከማህተም እጅ መልሰው ያዙ።

«የለም፣ እርስዎ ከላይ ይሁኑ፤ ታላቅ ነዎት» አሉ ማህተም፣ ፊታቸውን ወደ ጫሞ አዙረው።

ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ። «ሁለታችሁን ለየብቻ ካስቀመጥኳችሁ» አልኩ «ጠባብ ቦታ ሲመጣ ሁሌም አንዳችሁ ትወድቃላችሁ። ለብሮውዘሩ ሁለት ዕቃ ናችሁ፤ ጎን ለጎን ካልበቃው ይደራርባችኋል። አንድ ፎቶ ላይ አብራችሁ ከተቀመጣችሁ ግን መለያየት አይችልም። ቢያሳንስም ሁለታችሁንም ያሳንሳል።»

ከታች ሚኒባስ ረዳቱ «ሲቀላ ሲቀላ ሰፊ ነው!» ሲል ይሰማል።

«እኩል ያሳንሳል?» አሉ አጎቴ።

«እኩል።»

«እሱን እመሰክራለሁ» አሉ ማህተም። «ፎቶ አይቆረጥም።» ይቆረጣል፤ ግን አልተናገርኩም።

አግዳሚውን ወደ በረንዳው ጠርዝ ጎተትን፤ ሁለቱ ሐይቆች ከኋላ እንዲሆኑ። ማህተም በገዛ እጃቸው መቀመጫውን አራግፈው «ጋሼ፣ በቀኜ ይሁኑ» አሉ። አጎቴ ያለ ምንም መግደርደር ተቀመጡ። ካፖርቱ ላንቴ ስለቀረ የማህተምን ኮት ደረቡ፤ እጅጌው ክርናቸው ላይ ቀረ። ማህተም ትከሻቸውን ሲያቅፏቸው አጎቴ እጁ ኪሳቸው አጠገብ አለመድረሱን አረጋገጡና ሳቁ። ፎቶ አነሣኋቸው።

ያን ዕለት መስመሩ ምን ነክቶት እንደሆነ አላውቅም፣ ፎቶው አሳው ሳይቀዘቅዝ ገጹ ላይ ወጣ። ሁለቱ በአንድ ሳህን እየበሉ፣ አጎቴ ለማህተም አጥንቱን እየለዩላቸው ነበር። ስለ ባለሀብቱ ማንም አላነሣም፤ አንዴ ብቻ አጎቴ «ሰውየው ላንቴ ቢመጣ ሙዝ ስጧት፣ ትሂድ» አሉ።

ስልኩን አቀበልኳቸው። ገጹ ተከፈተ፤ አናቱ ላይ፣ ከሻወሩ እጅግ ርቆ፣ ሁለቱ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። አጎቴ ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊታቸው ለቀቀ። ስልኩን አቀረቡት፣ አራቁት።

«አንተ» አሉኝ። «ለምን ግራ ሆንኩ?»

አየሁት። በማህተም ቀኝ ተቀምጠዋል፤ ፊት ለፊት ለሚያይ ግን ግራ ላይ ናቸው።

ማህተም ጉርሻቸውን ሳይውጡ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ይኸው! ያኔ ጠይቄው ነበር! የማን ቀኝ ነው ብዬ ጠይቄው ነበር! በቃል መለሰልኝ!»

አጎቴ ስልኩን ቀስ ብለው ገለበጡና ጀርባውን አዩ፣ ከኋላ ቢታይ ቀኝ ይሆኑ እንደሆነ ሲያሰሉ። ከዚያ ኪሳቸው ከተቱት።

«ተዋት» አሉ። «ማህተም የት እንደተቀመጥኩ ታውቃለች። እሷ ትበቃኛለች። ያን ትልቁን አሳ ግን ከዚህ ልጅ ፊት አንሡልኝ።»